ያልጠየቅናቸው ሰዎች

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ወዳጅ ካላችሁ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። «ላይብረሪ የምትሄደው ለምንድን ነው?» መልሱን መገመት አይከብድም። ጸጥታው ጥሩ ነው ይላል። ሶኬት አለ፣ ዋይፋዩ እዚያ ጋ ይሻላል፣ ዶርም ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ጓደኞቼም እዚያ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ከሆነ ደግሞ ከውጭው ብርድ ይሻላል ብሎ ጋቢውን ደርቦ ይገባል። «እዚያ የሚሠሩትን ሰዎች የምጠይቃቸው ነገር ስላለኝ» የሚል ግን ከስንት አንድ ነው።

የካፌውን አስተናጋጅ በስም እናውቃለን። በር ላይ የሚፈትሸንን ሰው በቀልዱ እናውቀዋለን። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ስልክ ተመዝግቧል። ለዓመታት ፊት ለፊታችን የተቀመጠውን የላይብረሪ ሠራተኛ ግን የምናውቀው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ መታወቂያ ሲጠይቀንና ስንመረቅ ክሊራንስ ሲፈርምልን።

ዛሬ ስለ እነዚህ ሰዎች ልጻፍ። የምለው አጭር ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ትልቁ ሀብት ሕንጻው አይደለም፣ የመጽሐፉ ብዛትም አይደለም። የሚፈለገውን ነገር ፈልጎ ማግኘት የሚችለው ሰው ነው። እኛ ደግሞ፣ ተማሪውም ተቋሙም ተባብረን፣ ያንን ሰው ቁልፍ ያዥ አድርገነዋል።

መጀመሪያ እስቲ ሥራውን እንየው። አንድ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ከመታየቱ በፊት በብዙ እጅ ያልፋል። ግዥ ላይ ያለው ሠራተኛ ከየትምህርት ክፍሉ የመጣውን ዝርዝር ይዞ የትኛው እትም፣ ስንት ቅጂ፣ በምን በጀት እያለ ይከራከራል። በስጦታ የመጣ ካርቶን ሲከፈትም ጊዜ ያለፈበትን የኮምፒውተር መጽሐፍ ከሚጠቅመው የሚለየው እሱ ነው። ከዚያ መጽሐፉ ካታሎግ ወደምታደርገው ባለሙያ ይሄዳል። መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ አይታ ቁጥር ትሰጠዋለች። በብዙ አገር የሚሠራበት የዴዊ አመዳደብ እ.ኤ.አ. በ1876 የወጣ ሲሆን፣ ዕውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 በ10 ዋና ክፍሎች ይደለድላል። የኢትዮጵያ ታሪክ ለምሳሌ 963 ላይ ነው። ይህን አንዲት ቁጥር ያወቀ ተማሪ መደርደሪያ ለመደርደሪያ አይንከራተትም።

ካታሎግ ቀላል ይመስላል። የደራሲ ስም፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ አለቀ። አይደለም። ምሳሌውን ከዚያው ከማርቆስ አካባቢ ልውሰድ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ እንዶዳም በሚባል ቦታ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የባህል ጥናት ተቋሙን በስማቸው ሰይሟል። እስቲ ስልካችሁን አውጡና «ሃዲስ አለማየሁ» ብላችሁ ጻፉ። ቀጥላችሁ «ሐዲስ ዓለማየሁ» በሉ። ለኛ ጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን «ሃ» እና «ሐ»፣ «አ» እና «ዓ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ አንድ ናቸው ብሎ የነገረው ሰው ከሌለ በራሱ አያውቅም። ካታሎጉን የሠራችው ባለሙያ ሁለቱን አጻጻፍ ካላገናኘች መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ እናንተ «የለም» የሚል መልስ ታገኛላችሁ።

በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ «ዲ»ዋን አንድ ጊዜ፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ይጽፋታል። የውጭው ሥርዓት የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ደራሲውን «ዓለማየሁ» በሚለው ስር ሊያስቀምጣቸው ይችላል፤ በኛ አገር ግን ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። ዓመቱስ? «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ሲመዘገብ 1965 ወይም 1966 ይሆናል። ይሄ ሁሉ ለአንድ መጽሐፍ ነው። እንግዲህ በአማርኛና በግዕዝ የተጻፈውን ሁሉ አስቡት። ይህን የሚያስተካክል ማሽን ቢኖር እንኳ መጀመሪያ የሚያስተምረው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ላይብረሪው ጀርባ፣ እኛ በማንገባበት ክፍል፣ ካርቶን መሐል ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ የሚደረድሩት አሉ። ሥራቸው ጉልበት ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ቦታውን የሳተ መጽሐፍ ከጠፋ መጽሐፍ አይለይም። ፈተና ሲደርስ የቀረችውን አንዲት ቅጂ ሌላ ሰው እንዳያገኛት ከሌላ ትምህርት መደርደሪያ ውስጥ የሚሸጉጥ ተማሪ አለ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ያቺን መጽሐፍ ፈልጎ ወደ ቦታዋ የሚመልሳት ማን ይመስላችኋል? ሰርኩሌሽን ላይ የሚያበድሩና የሚመልሱ አሉ። ሪፈረንስ ላይ ጥያቄ የሚቀበሉ አሉ። ጋዜጣና ጆርናል የሚያደራጁ፣ የተገነጠለውን የሚጠርዙ፣ የተመራቂዎችን ጥናት ስካን አድርገው ወደ ዲጂታል ማከማቻ የሚያስገቡ፣ ሲስተሙ ሲቆም የሚያስነሱ አሉ። እኛ ተኝተን ሳለ ገብተው አቧራውን የሚጠርጉም አሉ። አቧራና እርጥበት መጽሐፍ እንደሚበላ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ትንሽ ሥራ አይደለም።

ይህ የሥራ ክፍፍል ለጎጃም አዲስ አይደለም። ብራናውን ፍቆ የሚያዘጋጅ፣ በእጁ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ፣ በቆዳ የሚደጉስ ደጓሽ፣ በየደብሩ ዕቃ ቤት የሚጠብቅ ሰው ለብዙ መቶ ዓመታት ነበር፤ ዛሬም አለ። ዲማ ጊዮርጊስ፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅ የብራና መጻሕፍት ያቆዩልን እነዚህ ሰዎች ስለነበሯቸው ነው። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ግን ከጠባቂው ሌላ መምህር ነበረ። የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ቀናት በእግሩ ተጉዞ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ሲደርስ የሚፈልገው የመጽሐፍ ክምር አልነበረም። የሚጠይቀው ሰው ነበር። መጽሐፉን በልቡ የያዘ፣ «ይህ ነገር የሚገኘው እዚህ ጋ ነው፣ ትርጓሜውም እንዲህ ነው» የሚል ሰው። የዘመናዊው ላይብረሪ ሪፈረንስ ዴስክ የቆመው ለዚሁ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ጠባቂው ብቻ ቀረና ተጠያቂው ሰው ደበዘዘ።

በዘመናዊው ትምህርታችንም ቢሆን ይህ ሥራ ሁልጊዜ እንደ ትንሽ ሥራ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ የሚባሉ ፖላንዳዊ በላይብረሪ ኃላፊነት ሠሩ። እሳቸው የታዘዘ መጽሐፍ መደርደር ብቻ አልበቃቸውም። ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈውን፣ አልፎም ሥዕሉንና መስቀሉን ይሰበስቡ ነበር። ዛሬ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት መሠረቱ ያ ስብስብ ነው። ሪታ ፓንክኸርስትም መጀመሪያ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1976 በዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ ኃላፊነት አገልግለዋል። አብዮቱን የሚያክል ነገር በመጣበት ጊዜ ማለት ነው።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ደግሞ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። ፊልሙ ሚኒሶታ አሜሪካ ውስጥ ባለ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ ነበር። ነገር ግን በሺዎች የሚቆጠር ፊልም ውስጡ ምን እንዳለ ካልታወቀ ምን ዋጋ አለው? ፕሮፌሰሩ በደርግ ዘመን በጥይት ተመትተው አካላቸው ከተጎዳ በኋላ ወደዚያው ሄደው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለዓመታት አንድ በአንድ እያነበቡ «ይህ መጽሐፍ ይህን ይዟል» ብለው መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ስንት ተመራማሪ በዚያ ካታሎግ ተመርቶ ሥራውን ሠራ! ካታሎግ ማለት ይሄ ነው።

«ኧረ ተው፣ ይሄ ሁሉ ድሮ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። «አሁን ሁሉም ቴሌግራም ላይ አለ። ፒዲኤፉን አወርዳለሁ፣ ያልገባኝን ቻትጂፒቲ እጠይቃለሁ፤ ላይብረሪያን ምን ይሠራልኛል?» ጥያቄው ተገቢ ነውና በደንብ እንመልሰው።

አንደኛ፣ ኢንተርኔት ሁልጊዜ የለም። ይህን ለጎጃም ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እንደዚያ ባለ ጊዜ ቴሌግራም ላይ ያለው ነገር ሁሉ እንደሌለ ነው። መደርደሪያ ላይ ያለው መጽሐፍና ሰርቨር ላይ ቀድሞ የተቀመጠው ፋይል ግን አለ፤ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው እስካለ ድረስ።

ሁለተኛ፣ ስልኩ የሚሰጣችሁ መልስ ልክ ነው ወይ? ቴሌግራም ላይ የምታገኙት ፒዲኤፍ ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ ምዕራፍ የጎደለው መሆን አለመሆኑን አይነግራችሁም። ቻትጂፒቲና ወንድሞቹ ደግሞ ምንጭ ስጠኝ ሲባሉ በዓለም ላይ የሌለ መጽሐፍ፣ ያልተጻፈ ጆርናል በልበ ሙሉነት ፈጥረው ሊሰጡ ይችላሉ። የደራሲ ስም አለው፣ ዓመት አለው፣ የገጽ ቁጥር ሳይቀር አለው፤ መጽሐፉ ግን የለም። ጥናታችሁ ላይ ያንን ጽፋችሁ ገምጋሚ ፊት መቆም ምን እንደሚመስል አስቡት። አንድ ምንጭ በእውነት መኖሩን ማጣራት የላይብረሪ ባለሙያ የዕለት ሥራ ነው።

ሦስተኛዋ እኔን የምታንገበግበኝ ናት። ጥናት የሚሠራ ተማሪ አንድ ጆርናል ሊከፍት ሲል «ለማንበብ ይህን ያህል ዶላር ክፈል» ይለዋል። ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፤ ወይም ሌላ ሰው ይለምናል። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ግን አለ። የጤናው ክፍል ሂናሪ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ ነው፤ የግብርናው ደግሞ አጎራ ነው። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚጠቀሙት አገሮች ተርታ ናት። የሚመዘገበው ተማሪው ሳይሆን ተቋሙ ነው፤ የመግቢያው ጉዳይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በላይብረሪ በኩል ነው የሚያልፈው። እንግዲህ በር ተከፍቶ ሳለ ውጭ ቆመን በዶላር መግቢያ የምንጠየቀው፣ ውስጥ ያለውን ሰው ስላልጠየቅነው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አንድ ልጨምር። ስለ ጮቄ ተራራ አፈር መሸርሸር፣ ስለ ምሥራቅ ጎጃም ጤፍ፣ ስለ ማርቆስ ከተማ የውኃ ችግር የሚጽፍ ተማሪ መነሻውን የሚያገኘው ከሱ በፊት ተመርቀው የወጡ ልጆች ከሠሩት ጥናት ነው። ያ ጥናት ከላይብረሪው መደርደሪያ ወይም ከተቋሙ ዲጂታል ማከማቻ ውጭ ሌላ ቦታ ላይገኝ ይችላል። ጎግል ያላየውን ነገር ጎግል አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልምጣ። «ጠይቁ ትለናለህ፤ ስንጠይቅ ግን ፊታቸውን ያጠቁራሉ፣ ‹አላውቅም፣ እዚያ ጋ ጠይቅ› ይላሉ» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ አለ። ስልኩን እየነካካ ቀና ብሎ የማያይ ሠራተኛ አይቻለሁ። ግን ለምን እንዲህ ሆነ ብለን እንጠይቅ።

እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ችግር ምን እንደምንቆጥርባቸው ነው። ዓመቱ ሲያልቅ የላይብረሪ ሠራተኛ የሚጠየቀው «ስንት መጽሐፍ ጎደለ?» ተብሎ ነው። ስንት ተማሪ ረዳህ፣ ስንት ጥያቄ መለስክ፣ ስንት ጥናት መንገድ አስያዝክ የሚለው ጠያቂ የለም። አንድን ሰው በጎደለ መጽሐፍ ብቻ ከመዘንከው ለሱ ከሁሉ የተሻለው መጽሐፍ ማንም ያልነካው መጽሐፍ ነው። ተማሪ ሲመጣ አንባቢ ሳይሆን ስጋት መጣ ብሎ ያያል። ጠባዩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ያስተማርነው ያንን ነው።

በዚያ ላይ ላይብረሪ የመመደቢያ ቦታ ሆኗል። ሌላ ክፍል ያልተስማማው፣ ቦታ የጠፋለት ሠራተኛ «ለጊዜው ላይብረሪ ይቀመጥ» ይባላል። «ይቀመጥ» የሚለው ቃል ራሱ ሥራውን እንዴት እንደምናየው ይናገራል። ይህ ግን የሚማሩት ሙያ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለአፍሪካ ጭምር ታስቦ የኢንፎርሜሽን ትምህርት ቤት ከፍቶ በማስተርስ ደረጃ ሲያስተምር ኖሯል። ተመራቂ አለ። ጥያቄው የት መደብናቸው፣ ምንስ እንዲሠሩ ፈቀድንላቸው ነው።

ሕንጻ ላይማ ጎበዞች ነን። አዲስ አበባ ላይ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አብርሆት ሲከፈት ሁላችንም ደስ ብሎን ፎቶ ተነሥተናል። ደስታው ተገቢ ነው። ግን በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ ባለ ፎቅ ላይብረሪ ሲመረቅ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ውስጡ ስንት የሠለጠነ ሰው አለ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከሌላ አገር አንድ ሰው ላንሳ። ራንጋናታን የሚባል ህንዳዊ የሒሳብ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ኃላፊ ሆነ። ሥራው ስለሰለቸው መጀመሪያ ወደ ማስተማር መልሱኝ ብሎ ነበር። ለንደን ሄዶ የደንበኛ ላይብረሪን አሠራር ሲያይ ግን ሐሳቡ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በ1931 ያሳተመው መጽሐፍ እስካሁን የሙያው መሠረት ነው። ጭብጡ በአጭሩ፣ መጽሐፍ የተሠራው እንዲነበብ ነው፣ ላይብረሪያንም የአንባቢን ጊዜ ማትረፍ አለበት የሚል ነው። ልብ በሉ፣ እንዳይጠፋ መጠበቅ ብቻውን በቂ ነው አላለም።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ በማርቆስም ሆነ በሌላው ቦታ፣ ሦስት ነገር ቢያደርጉ እላለሁ። አንደኛ፣ የሠራተኛውን ምዘና ይቀይሩ። በሚሠራ ላይብረሪ ውስጥ መጽሐፍ ይቀደዳል፣ የተወሰነም ይጠፋል፤ ያንን በጀት ይቻለው። ሠራተኛው በተመለሱ ጥያቄዎችና በተጠቀሙ አንባቢዎች ይመዘን። ሁለተኛ፣ ሪፈረንስና ካታሎግ ላይ የተማረ ሰው ይመደብ፤ ያልተማረው ደግሞ ሥልጠና ያግኝ። ሦስተኛ፣ የላይብረሪ ባለሙያ ክፍል ውስጥ ይግባ። ፍሬሽ ተማሪ በመጀመሪያው ወር፣ ተመራቂ ደግሞ ጥናት ሊጀምር ሲል፣ አንዳንድ ሰዓት ቢሰጠው «እንዴት ይፈለጋል፣ እንዴት ይጣራል» የሚለውን ይይዛል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። በዚህ ዘመን ሦስትና አራት ዓመት የተማረውን መልሶ ማገላበጥ ያለበት ልጅ የሚያስፈልገው ወንበር ብቻ አይደለም።

ለእናንተ ለተማሪዎቹ ደግሞ ያለኝ ነገር ገንዘብም በጀትም አይጠይቅም። በዚህ ሳምንት ወደ ላይብረሪ ስትገቡ ዴስኩ ጋ ቁሙና ሰላም በሉ። ጋሼ በሉ፣ እትዬ በሉ። ከዚያ ደንበኛ ጥያቄ ጠይቁ። «መጽሐፍ አለ?» አትበሉ፤ ለሱ መልሱ አለ ወይም የለም ነው። «በዚህ ርዕስ ላይ እየሠራሁ ነው፤ ከየት ልጀምር?» በሉ። «ሂናሪ አለን ወይ? የቆዩ የመመረቂያ ጥናቶች የት ነው የሚገኙት?» በሉ። መጀመሪያ ቀን ግራ ሊገባቸው ይችላል፤ ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቋቸው አያውቅምና። የማያውቁት ከሆነ ለነገ አጣርተው እንዲነግሯችሁ ጠይቁና በነጋታው ተመለሱ። ጠያቂ ያለው ሰው ያነባል፣ ያጣራል፣ ሙያውን ያሳድጋል። ጠያቂ የሌለው ደግሞ ቁልፉን ይዞ ይቀመጣል።

የደበቃችኋትን መጽሐፍም በዚያው ወደ ቦታዋ መልሱልን።

ቸር እንሰንብት።